ባለቤት ያጣ ውሳኔ

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይባላል። ብቻውን ያሰበም እንደዚሁ ነው፤ የሚያርመው ስለሌለ ሁልጊዜ ትክክል የሆነ ይመስለዋል። ሰዎች ጉባኤን፣ ሸንጎንና ኮሚቴን ያቋቋሙት ይህን ድካማቸውን ዐውቀው ነው። ዳሩ ግን አንድ ጉዳይ ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ በብዙ ሰዎች እጅ ሲገባ፣ ከሚገኘው ጥቅም ጋር አንድ አደጋ አብሮ ይመጣል። ይኸውም ብዙዎች በአንድነት የሠሩትን ሥራ አንዳቸውም «እኔ ሠራሁት» ሳይሉ መቅረታቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው ያሰብኩት ጥያቄም ይህ ነው፤ ብዙ ሰዎች ተሰብስበው በአንድ ሰው ዕድል ላይ ሲወስኑ የውሳኔው ባለቤት ማን ነው? ጥያቄው በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሣ ቢሆንም፣ እኔን መጀመሪያ የገጠመኝ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ነገሬን ከዚያው እጀምራለሁ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የአማርኛ መምህራችን ስለ አድራጊና ስለ ተደራጊ ግሥ ሲያስተምሩን፣ በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ላሟ ታሰረች» ብለው ጻፉና «ላሟን ያሰራት ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። አንዱ «እረኛው ነው» አለ፤ ሌላው «ጌታዋ ነው» አለ። መምህራችን ፈገግ ብለው «ዐረፍተ ነገሩ አይናገርም፤ ተደራጊ ግሥ የታሰረችውን ያሳያል እንጂ ያሰራትን ይሰውራል» አሉን። ያን ጊዜ ለፈተና ብቻ ያጠናሁት ይህ ትምህርት፣ ከዓመታት በኋላ ቁም ነገር ሆኖ እንደሚመለስብኝ አላሰብኩም ነበር።

ትምህርቴን እንደ ጨረስኩ ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ በአንድ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ጽሕፈቱ መልካም ነው ተብዬም ጥቂት ጊዜ ከቆየሁ በኋላ የአንድ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ታዘዝኩ። ኮሚቴው ዘጠኝ አባላት ነበሩት፤ ሁሉም የተማሩና የተከበሩ መምህራን ነበሩ። ሥራቸውም ትምህርታቸውን አቋርጠው የቆዩ ተማሪዎች እንደገና ለመግባት የሚያቀርቡትን ማመልከቻ መርምሮ መወሰን ነበር።

አንድ ቀን ከቀረቡት ጉዳዮች መካከል አሥራ አራተኛው የአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ማመልከቻ ነበር። ልጁ አባቱ ታሞበት ወደ አገሩ ሄዶ አንድ መንፈቅ ቆይቶ ሲመለስ፣ የማመልከቻው ጊዜ ካለፈ አራት ቀን ሆኖ ነበር። ጉዳዩን ለትምህርት ክፍሉ አቀረበ፤ ትምህርት ክፍሉ «በሚመለከተው አካል ይታይለት» ብሎ ወደ ኮሌጁ ላከው፤ ኮሌጁ ወደ ሬጅስትራር መራው፤ ሬጅስትራሩም ለኮሚቴው አስተላለፈው። በየደረጃው ፊርማና ማኅተም ተጨመረበት፤ አሳብ የጨመረበት ግን አልነበረም። ተራው ደርሶ ሲነበብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኖ፣ አባላቱም ምሳቸውን ያስቡ ነበር። ሰብሳቢው «ቀኑ አልፎበታል፤ የተለየ አስተያየት ያለው አለ?» ብለው ጠየቁ። ዝም ተባለ። አሥራ አምስተኛው ጉዳይ ቀጠለ። እኔም እንደ ልማዴ «ጥያቄው ተቀባይነት እንዳይኖረው ተወስኗል» ብዬ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ወደ መስኮቴ መጣ። ደብዳቤውን ሰጠሁትና ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጋሼ፣ ማን ነው የወሰነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ኮሚቴው ነው» አልኩት።

«ኮሚቴው ማለት ማን ነው?»

«ኮሚቴው ነዋ ወንድሜ! ቀኑ ስላለፈብህ ነው።»

«ቀኑ ማለፉንማ እኔው ራሴ ነኝ የጻፍኩላቸው፤ ያመለከትኩትም ስላለፈ ነው። የሐኪሙን ወረቀት አይተው ነው እንቢ ያሉት? ይህን ብቻ ይንገሩኝ፤ አባቴ ሲጠይቀኝ የምመልስለት እንዲኖረኝ ነው» አለኝ።

የሐኪሙ ወረቀት ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ በሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር። ያያያዝኩት እኔ ነኝ። በስብሰባው ላይ ማንም ገልጦ እንዳላየውም ዐውቃለሁ፤ ሁሉም ሲነሡ መዝገቡን የሰበሰብኩት እኔ ነበርኩና። ነገር ግን ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ በጉባኤ መካከል አይናገርም ብዬ ዝም ብዬ ነበር። ያን ቀን በመስኮቱ ላይም ደግሜ ዝም አልኩ። ልጁ ደብዳቤውን አጥፎ በኪሱ ከተተና ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ መስኮት አልተመለሰም።

ነገሩ ሲከነክነኝ ጊዜ ለመዝገብ ቤቱ ሹም ነገርኳቸው። እርሳቸውም በዚያ ሥራ ያረጁ ሽማግሌ ነበሩና «ልጄ፣ ማኅተም ፊት የለውም፤ ሰው ሁሉ ከኋላው መቆም የሚወደውም ለዚህ ነው» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እስኪ ነገሩን አብረን እንመርምረው። ሰብሳቢው ቢጠየቁ «እኔ ጠየቅሁ፤ የተቃወመ አልነበረም» ይላሉ። አባሉ ቢጠየቅ «ሰብሳቢው አሳብ አቀረቡ፤ ጉባኤውም ተስማማ» ይላል። ሬጅስትራሩ «እኔ አስተላላፊ ነኝ» ይላል። እኔም «እኔ የተባለውን ጸሐፊ ነኝ» እላለሁ። እያንዳንዳችን የምንናገረው እውነት ነው፤ የእውነቶቹ ድምር ግን ሐሰት ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም የሁላችንም ቃል ሲደመር ያን ልጅ ማንም አልከለከለውም ማለት ይሆናል፤ ልጁ ግን ተከልክሏል። ላሟ ታስራለች፤ አሳሪ ግን የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልግለጽ። ውሳኔው ስሕተት ነበር ብዬ አልከራከርም። ምናልባት የሐኪሙ ወረቀት ቢነበብም ኮሚቴው «የዘገየህበት ምክንያት በቂ አይደለም» ሊል ይችል ነበር፤ ይህን ለማለትም ሥልጣን ነበረው። የማዝነው ልጁ ስለ ተከለከለ ብቻ አይደለም፤ ማንም ሳያስብበት ስለ ተከለከለ ነው። ሕዝባችን ይህን ልዩነት ከማንም አስቀድሞ ዐውቆታል፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላልና። በቅሎ ብዙ ብር የምታወጣ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ግን የአንድ ቀን ስንቅ ነው። ይሁን እንጂ ሰው በሚገባ ተሰምቶ ያጣት በቅሎ፣ ሳይሰማ የተነጠቀውን ጭብጦ ያህል አታንገበግበውም። ይህ ስለ ንብረት የተነገረ ቢመስልም፣ ዋናው ነገሩ ስለ ሰው ክብር ነው።

እንግዲህ «ኮሚቴን ሁሉ አጥፍቶ ለአንድ አለቃ ሥልጣን መስጠት አይሻልም ወይ? እርሱ ቢያንስ ስም አለው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ ግን በዩኒቨርሲቲ ዘንድ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም የዩኒቨርሲቲ ሀብቱ ዕውቀት ነው፣ ዕውቀትም በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ተጠቃሎ አይገኝም። የሕክምና መምህሩ የሕጉን መምህር ሥራ ሊመዝን አይችልም፤ ፕሬዚዳንቱም የሁለቱን ሥራ ብቻቸውን ሊመዝኑ አይችሉም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ከጥንት ጀምሮ በጉባኤ የሚተዳደር ቤት ሆኖ ተፈጠረ። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት በቦሎኛ ተማሪዎች በማኅበር ተደራጅተው የበላይ ሹማቸውን ከመካከላቸው ይመርጡ ነበር፤ ትምህርቱን አዘግይቶ የጀመረውን ወይም ደወል ከተደወለ በኋላ ያራዘመውን መምህር እስከ መቅጣት ይደርሱ ነበር። በፓሪስ ደግሞ ማኅበሩ የመምህራን ነበር። ሁለቱ መንገዶች በሥልጣን ባለቤትነት ይለያዩ እንጂ፣ ጉዳዩ በጉባኤ ይታይ በማለት ግን አንድ ነበሩ።

ወደ አገራችንም ሲመጣ ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲቋቋም፣ ንጉሠ ነገሥቱ የበላይ ቻንስለር ቢሆኑም ቦርድና የመምህራን ጉባኤ ነበሩት። ዛሬም የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከፕሬዚዳንት ጋር ቦርድን፣ ሴኔትንና ሌሎችንም ጉባኤዎች ያውቃል። መንግሥታት ሲለዋወጡ ጉባኤው ስሙን እየለወጠ መኖሩ፣ ያለ እርሱ ዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ እንደማይሆን ያስረዳል።

ዳሩ ግን ጉባኤ መኖሩ ብቻውን ፍትሕን አይወልድም። ለዚህም በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ ሴቶች ከወንዶች ጋር ለከፍተኛው ፈተና እንዲቀመጡ ተፈቅዶ ነበር፤ ዲግሪ ግን አይሰጣቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 ፊሊፓ ፎሴት የተባለች ተማሪ በሒሳብ ፈተና ከወንዶቹ ሁሉ አንደኛ ከወጣው በላይ ነጥብ አገኘች። ሆኖም አንደኛ የሚለው ማዕረግ ለወንዱ ተሰጠ፤ እርስዋም ያለ ዲግሪ ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1897 ጉዳዩ ለምርጫ ሲቀርብ ድምፅ ለመስጠት መብት የነበራቸው የቀድሞ ምሩቃን በልዩ ባቡር ሳይቀር ከለንደን መጥተው በብዙ ድምፅ ከለከሉ። እ.ኤ.አ. በ1921 የተሰጣቸው የዲግሪው ስም ብቻ ነበር፤ ሙሉ ዲግሪና የዩኒቨርሲቲው አባልነት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው።

ልብ እንበል፤ እነዚህ መራጮች ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩም። በላያቸው የሚያዝዛቸው ንጉሥ ወይም ሚኒስትርም አልነበረም። ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር፣ በድምፅ ብልጫ የሚወስን፣ ሥርዓቱን የጠበቀ ጉባኤ ነበር። ነገር ግን በባቡር መጥቶ ድምፁን ሰጥቶ በባቡር የተመለሰው ሰው፣ የፊሊፓ ፎሴትን ፊት ማየትና «አንቺን የከለከልኩሽ ስለዚህና ስለዚህ ነው» ማለት አላስፈለገውም። ብዙ መሆናቸው ከዚህ ግዴታ አዳናቸው። እኔ በመስኮቴ ያየሁት ነገር በትንሹ፣ የካምብሪጁ በትልቁ፣ አንድ ዓይነት በሽታ ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌ ደግሞ ከራሳችን ታሪክ ላምጣ። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ሥራ ተጀመረ። የመምህራኑ ጉባኤ ባጸደቀው በዚህ ደንብ መሠረት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ነበረበት፤ ብዙዎቹም የተመደቡት በመምህርነት ነበር። ይህ ከአንድ ወጣት ዕድሜ ላይ አንድ ዓመት የሚወስድ ውሳኔ ስለሆነ ቀላል አልነበረም፤ ቅሬታም አልቀረበትም። ይሁንና ወጣቱ «ስለ ምን?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ የታወቀ ነበር፤ በየአውራጃው ትምህርት ቤት አለ፣ መምህር ግን የለም። ይህን መልስ የሚቀበለውም የማይቀበለውም ሊከራከርበት ይችል ነበር። ምክንያት ያለው ውሳኔ ሰው የሚከራከርበት ነገር ይሰጠዋል፤ ምክንያት የሌለው ግን ግድግዳ ነው፤ ግድግዳን ቢመቱት የሚጎዳው እጅ ብቻ ነው።

በአሳቤ ላይ የሚነሡ ሦስት ተቃውሞዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ ሦስቱም የሚናቁ አይደሉም።

የመጀመሪያው የሚከተለው ነው። «እያንዳንዱ አባል የሰጠው አሳብ ከተገለጠ ጥላቻና በቀል ይመጣል፤ መምህሩም ፈርቶ እውነተኛ አሳቡን ይደብቃል። ምሥጢር የተሰጠው ደካማውን ከኃይለኛው ለመጠበቅ ነው።» ይህ እውነት ነው። ስለዚህ እኔ የምለው የድምፅ ሰጪው ስም በአደባባይ ይነበብ አይደለም። የሰጪው ስም ሌላ ነው፤ የውሳኔው ምክንያት ሌላ ነው። ስሙ ሊሰወር ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ሊሰወር አይገባም። ፈራሚው ሰብሳቢም «ይህን ምክንያት ጉባኤው ሰጥቶታል፤ እኔም ስለ እርሱ እመልሳለሁ» ለማለት ዝግጁ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ደንብ ደንብ ነው» የሚለው ነው። «ለአንዱ አራት ቀን ብንጨምር ነገ ለሌላው አራት ሳምንት ልንጨምር ነው፤ ከዚያ በኋላ በር የሚከፈተው ዘመድ ላለው ብቻ ይሆናል» ይላሉ። እኔ ከሦስቱ ሁሉ የማከብረው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ደንብ ለድኻ ልጅ ጋሻ ነው። አማላጅ የሌለው ተማሪ የሚታመነው በደንብ ነው። ነገር ግን በዚያ ዩኒቨርሲቲ ደንቡ ራሱ «በቂ ምክንያት ያለው ተማሪ ሊያመለክት ይችላል» ይል ነበር፤ ኮሚቴውም የተቋቋመው ይህንኑ እንዲመዝን ነበር። ስለዚህ የሐኪሙን ወረቀት አለማንበብ ደንብን ማስከበር ሊባል አይችልም፤ የደንቡን ግማሽ አንብቦ ግማሹን መተው ነው። ደግሞም አድልዎ የሚደበቀው ከምን ሥር እንደ ሆነ እንመልከት። ምክንያቱ ተጽፎ ቢገኝ ኖሮ፣ «ለእገሌ ስለ ምን ተፈቀደለት? ለእኔስ ስለ ምን ተከለከለኝ?» ብሎ ማመሳከር ይቻል ነበር። ዘመድ አዝማድ የሚገባው ምክንያት ባልተጻፈበት ክፍት ቦታ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው። በአንድ ጧት ሃያ ጉዳይ የሚያይ ኮሚቴ ለእያንዳንዱ ትንታኔ ሊጽፍ አይችልም ይባላል። ይሁን እንጂ ትንታኔ የጠየቀ የለም። «የቀረበውን የሐኪም ማስረጃ ተመልክተናል፤ ሕመምተኛው የዳነበት ቀን ከማመልከቻው ጊዜ በፊት ስለሆነ መዘግየቱን አያስረዳም» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ይህን ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ማንም ሰው ወረቀቱን ሳያነብብ ሊጽፈው አይችልም። የምክንያት ትልቁ ጥቅምም በዚህ ላይ ነው፤ ለተቀባዩ ከሚሰጠው ማስረዳት በፊት ሰጪውን እንዲያነብብና እንዲያስብ ያስገድደዋል።

ይህ አሳብ ከውጭ አገር የመጣ አይደለም። በቀድሞው የአገራችን ችሎት ወንበሮች ፍርድ ሲሰጡ ከታናሹ ጀምረው ወደ ታላቁ ይሄዱ ነበር፤ በዙፋን ችሎትም የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለውን ጥበብ እናስተውል። ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ታናሹ «እንዳሉት ነው» ብሎ ይቀመጣል፤ ታናሹ አስቀድሞ ሲናገር ግን የራሱን ሕሊና መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ከዚህም በላይ ባለ ጉዳዮቹ በፊቱ ቆመው እየሰሙት ይናገራል። ያ ችሎት ጉቦና አድልዎ አልነበረበትም አልልም። ነገር ግን «የተለየ አስተያየት ያለው አለ?» ተብሎ በዝምታ የሚታለፍበት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው ቃል ነበረው። የእኛ ኮሚቴ ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት ይዞ፣ በዚህ በኩል ከዚያ አንሶ መገኘቱ ያሳፍራል።

ሕጉም ቢሆን ዛሬ ከዚህ አሳብ ጋር ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አስተዳደራዊ ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሆንና ምክንያቱ እንዲገለጥ፣ ውሳኔው የሚነካውም ሰው እንዲሰማ ያዝዛል። በሌላ በኩል በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበት መንገድ ተከፍቶ፣ በዚያው በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል። ስለ ራስ ገዝነት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቅጥርና ስለ ተማሪ ቅበላ ነው። በእኔ አሳብ ግን ከዚህ ሁሉ የሚከብድ አንድ ነገር አለው፤ ራሱን የሚገዛ ሰው «ከላይ የመጣ ነው» ማለት አይችልም። እስከ ዛሬ ለብዙ ውሳኔ መጠለያ የነበረው ይህ ቃል ሲቀር፣ ውሳኔ ሁሉ ባለቤቱን መፈለግ ይጀምራል። ነጻነት ማለት በእውነቱ ከምክንያት ማምለጥ የማይቻልበት ሁኔታ ነው።

ሆኖም ሕግ ሊያዝዝ የሚችለው ምክንያት እንዲጻፍ ነው፤ እንዲታሰብ ግን ሊያስገድድ አይችልም። «ባለው መመሪያ መሠረት ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ደብዳቤ በየቀኑ ይጻፋል። ይህ ምክንያት ይመስላል፤ ነገር ግን መመሪያው የቱ እንደ ሆነ፣ በዚህ ሰው ጉዳይ ላይም እንዴት እንደ ሠራ አይናገርም። ስለዚህ የቀረው ሥራ የሕሊና ሥራ ነው፤ እርሱም በሦስት ወገን ይከፈላል።

ሰብሳቢ የሆነው ሹም፣ ጉዳዩን «ተቃውሞ አለ?» ብሎ ከሚዘጋው ይልቅ «ምክንያታችን ምንድር ነው?» ብሎ ይዝጋው። ተቃውሞ መጥፋቱ መስማማት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ድካም ወይም ረኃብ ነው። አባል የሆነው መምህር ደግሞ ዝምታው ድምፅ እንደ ሆነ ይወቅ። ተማሪው በፈተና ላይ መልሱን ብቻ ጽፎ መንገዱን ባያሳይ ነጥብ የሚቀንስበት መምህር፣ እርሱ ራሱ መንገዱን ሳያሳይ መልስ ብቻ መስጠቱ የማይገባ ነገር ነው። ተማሪውም ነገ በዚያው ወንበር የሚቀመጥ ስለሆነ፣ ዛሬ ተቀባይ ሆኖ የቆመበትን መስኮት አይርሳ፤ ሰው መስኮቱን የሚረሳው ወንበሩን ባገኘ ማግሥት ነውና።

አራተኛ ወገንም አለ፤ እኔ የምገኝበት ነው። ጸሐፊው፣ የመዝገብ ሠራተኛውና ደብዳቤ አዘጋጁ ሥልጣን የለንም፤ ነገር ግን «ተወስኗል» የምትለው ቃል የምትወጣው ከእጃችን ነው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ለቅቄ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ከተዛወርኩ ወዲህ ዛሬም ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። አሁን ግን ከመጻፌ በፊት «ይቅርታ፣ ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ስጠይቅ ድፍረት የመሰላቸው ነበሩ። አንድ ቀን ይህን ስጠይቅ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከዚያም አንድ አባል «እስኪ መዝገቡን አምጣው» አሉ። ተገልጦ ተነበበ፤ ሩብ ሰዓት ያህልም ተከራከሩበት። በመጨረሻ የተወሰነው ያው መጀመሪያ የታሰበው ክልከላ ነበር። ነገር ግን በደብዳቤው ላይ ሦስት መሥመር ምክንያት ተጨመረ። ባለ ጉዳዩ እናት ነበሩ፤ ቆመው አነበቡት፤ ከዚያም «እሺ፣ አይተውልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። የፈለጉትን አላገኙም፤ በቅሎአቸው በፍርድ ሄዳለች።

እኔ ግን ያን ዕለት ያሰብኩት ስለ ሌላው ልጅ ነው። ለአባቱ ምን ብሎ እንደ ነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። «ማን ነው የወሰነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን መልስ ግን አሁን ዐውቀዋለሁ። ዘጠኙ መምህራን ወስነዋል፤ ሬጅስትራሩ ወስኗል፤ ወረቀቱን አያይዤ ዝም ያልኩት እኔም ወስኛለሁ። ያ ውሳኔ ባለቤት አጥቶ የቀረው ባለቤቶቹ በመብዛታችን ምክንያት አልነበረም፤ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ «የእኔ ነው» ለማለት ስላልደፈረ ነው።